አናሎግ ሲዘጋ የማን ቤት ቴሌቪዥን ይጠፋል? ከመዘጊያው ቀን በፊት እንነጋገር

ማዕበል (ክሩን የከፈተችው)

የድሮው የአናሎግ ቴሌቪዥን ሥርጭት ተዘግቶ በዲጂታል የሚተካበት ቀን ሲቃረብ ሰው ሁሉ «አዲስ ቴሌቪዥን ልግዛ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ከዚያ የሚቀድም ጥያቄ አለ፦ ቤታችሁ የሚገባው ሥርጭት በምን በኩል ነው የሚመጣው? በዲሽና በሪሲቨር የምታዩ ከሆነ ለውጡ አይነካችሁም። በኬብል ወይም በኢንተርኔት የምታዩም፣ አገልግሎት ሰጪያችሁ የተለየ ነገር ካላሳወቃችሁ በቀር፣ የምትሠሩት ነገር የለም። የሚነካው ጣሪያ ላይ ወይም ቴሌቪዥኑ አናት ላይ በተቀመጠ አንቴና በቀጥታ ከምድር ማሠራጫ የሚቀበለው ነው። አንድ ቤት ውስጥ ደግሞ ሁለቱም ሊኖሩ ይችላሉ፤ የሳሎኑ በዲሽ ሲሠራ የመኝታ ቤቱ ትንሹ ቴሌቪዥን በአንቴና ይሆናል። ስለዚህ እያንዳንዱን ቴሌቪዥን ለብቻው እዩት።

ክሩን የከፈትኩት ግን ስለ ዕቃ ብቻ ለማውራት አይደለም። በሌላ አገር የሆነውን ባነበብኩ ቁጥር የሚታየኝ ነገር ዕቃው የቀለለው ክፍል መሆኑ ነው። አሜሪካ ውስጥ የኖርዝ ካሮላይናዋ ዊልሚንግተን ከመላው አገር ቀድማ እንድትሞክረው ተመርጣ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 8 ቀን 2008 አናሎጉ ተዘጋባት። ወሬውን ያልሰማ ሰው እምብዛም አልነበረም። ለእርዳታ ከደወሉት ብዙዎቹ መቀበያ ሳጥኑን (ዲጂታሉን ሥርጭት ተቀብሎ ለድሮ ቴሌቪዥን የሚያቀብለውን) ቀድመው ያገኙ፣ ግን ማገናኘት ወይም ሲግናል ማግኘት ያቃታቸው ሰዎች ነበሩ። ማስታወቂያው ደርሷቸዋል፤ ገመዱን የሚሰካላቸው ሰው ግን አልደረሰላቸውም። ልጅ አጠገቡ የሌለው አዛውንት፣ ብቻዋን የምትኖር ሴት፣ ሪሞት ላይ ያለውን ጽሑፍ የማያይ ሰው፤ እነዚህን ከቀኑ በፊት እንዴት እንድረስላቸው? የምታውቁትን ጻፉ።

---

ሰማያዊ ገመድ

ሥራዬ አንቴና መትከል ስለሆነ ተግባራዊውን ልጻፍ።

ቴሌቪዥኑ ፍላት ከሆነ መጀመሪያ መመሪያውን ወይም ከጀርባው የተለጠፈውን ጽሑፍ ተመልከቱ። የምትፈልጉት በአካባቢያችሁ የሚሠራበትን የዲጂታል ደረጃ ስም ነው፤ በአውሮፓና በአብዛኛው የአፍሪካ ክፍል ዲቪቢ ቲ ወይም አዲሱ ዲቪቢ ቲ2 ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ቲ2 የሚቀበል መሣሪያ አብዛኛውን ጊዜ የድሮውንም ይቀበላል፤ ቲ ብቻ የሚለው ግን ቲ2ን አይቀበልም። «ኤችዲ» የሚል ምልክት ስላለበት ብቻ ደግሞ ዲጂታል መቀበያ አለው ብላችሁ አትደምድሙ። ምልክቱ የሚናገረው ስለ ስክሪኑ ሊሆን ይችላል።

ባለ ትልቅ ጀርባውን የድሮ ቴሌቪዥን አትጣሉት። የአንቴናውን ገመድ ከቴሌቪዥኑ ነቅላችሁ ሳጥኑ ላይ «አንቴና ኢን» የሚለው ቦታ ስኩት። ከዚያ ሳጥኑን ከቴሌቪዥኑ ጋር ባለሦስት ቀለሙ ገመድ ያገናኘዋል፤ ቢጫው ለምስል፣ ቀይና ነጩ ለድምፅ። ቴሌቪዥኑ አንድ የድምፅ ቀዳዳ ብቻ ካለው ነጩን ስኩበት። ፍላት ከሆነ ኤችዲኤምአይ ይበቃል። ቀጥሎ ቴሌቪዥኑን ወደ ኤቪ ወይም ወደ ኤችዲኤምአይ አዙራችሁ ሳጥኑን ሰርች ማስደረግ ነው። ባለሦስት ቀለም ቀዳዳ እንኳ የሌላቸው በጣም የቆዩ ቴሌቪዥኖች አሉ፤ ለእነዚያ በአንቴና ገመድ በኩል ምስል የሚያወጣ ሳጥን ያስፈልጋል። አንዳንድ ሳጥን ይህ ስለሌለው ከመግዛታችሁ በፊት ጀርባውን እዩ።

አሁን ዋናው። በአናሎግ ሲግናሉ ደካማ ሲሆን ምስሉ ነጠብጣብ ይሞላበታል፣ ጥላ ይኖረዋል፣ ግን ሰው ለምዶት ያያል። ዲጂታል እንዲህ አይደለም። ሲግናሉ ከሚበቃው በላይ እስከሆነ ድረስ ምስሉ ጥርት ያለ ነው፤ ከዚያ ትንሽ ዝቅ ሲል አራት ማዕዘን እየሆነ ይቆራረጣል፣ ድምፁ ይጠፋል፣ ሲግናሉ ይበልጥ ሲቀንስ ጭራሽ ጥቁር ይሆናል። ስለዚህ ዛሬ «ይንቀጠቀጣል ግን ይታያል» የሚባለው ቤት ነው ነገ ባዶ የሚቀረው። መጀመሪያ የምንሄደው እዚያ ቤት ይሁን።

---

ጀማሪው

ዘመድ ከአሜሪካ የላከልን ፍላት ቴሌቪዥን አለ። ካርቶኑ ላይ «ዲጂታል» ይላል። በዲሽ ስናየው ቆይተናል፣ አሁን በአንቴና ልንጠቀምበት አስበናል። ይሠራል?

---

ሰማያዊ ገመድ

በራሱ መቀበያ አይሠራም፣ ወንድሜ። ሰሜን አሜሪካና ደቡብ ኮሪያ ኤቲኤስሲ የሚባለውን ነው የሚጠቀሙት። ጃፓን አይኤስዲቢ ቲ አላት፤ ብራዚልና አብዛኛዎቹ የደቡብ አሜሪካ አገሮች ከእሱ የወጣውን ወስደዋል። ቻይና የራሷ ዲቲኤምቢ አላት። የአንዱ መቀበያ የሌላውን አያነብም። ስለዚህ ዲጂታል ቢሆንም ሳጥን ያስፈልግሃል፤ በኤችዲኤምአይ ይሰካል።

አንድ ነገር ልጨምርልህ። ከዚያ የመጡ አንዳንድ ቴሌቪዥኖች 50 ኸርዝ ምስል አይቀበሉም። ሳጥኑን ስትሰካ ድምፅ መጥቶ ስክሪኑ «ያልተደገፈ» የሚል ነገር ቢጽፍ፣ ሳጥኑ ሜኑ ውስጥ የምስል መውጫውን ወደ 60 ኸርዝ ቀይረው። ቮልቴጁንም ከጀርባው አንብብ፤ 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ ያለ ትራንስፎርመር 220 ላይ እንዳትሰካው።

---

ጥቁርና ነጭ

እኔ ዕድሜዬ የገፋ ሰው ነኝ። ቴሌቪዥኔ ይሠራል፣ አንቴናዬ ይሠራል። የሚሠራ ነገር ለምን ይዘጋል? ማን ጠየቀን?

---

ማዕበል

አባቴ፣ ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ መልሱንም ሳላሽሞነሙን ልንገርዎ።

አናሎግ አንድ ጣቢያ ለማሠራጨት አንድ ሙሉ ቻናል ይይዛል፤ 7 ወይም 8 ሜጋኸርዝ ስፋት። በዲጂታል እዚያው ስፋት ላይ ብዙ ጣቢያዎች ተጨምቀው በአንድነት ይላካሉ፤ በዲቪቢ ቲ2 አሥርና ከዚያ በላይ ሊሆኑ ይችላሉ። የሚተርፈው ሞገድ ለሞባይል ኢንተርኔት ይሰጣል። መንግሥታት የሚቸኩሉበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ሞገዱ ገንዘብ ያወጣል።

ሁለተኛው ምክንያት ጎረቤት አገሮች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2006 ጄኔቫ ላይ አውሮፓን፣ አፍሪካንና መካከለኛው ምሥራቅን የሚመለከት ስምምነት ተፈረመ። በዚያ መሠረት ከጁን 17 ቀን 2015 በኋላ በዩኤችኤፍ (ከፍ ባለው የሞገድ ክልል) የሚሠራ አናሎግ ማሠራጫ ከጎረቤት ዲጂታል ሥርጭት ረብሻ ቢደርስበት ጥበቃ የለውም። ለብዙ ታዳጊ አገሮች በቪኤችኤፍ (ዝቅ ባለው ክልል) በኩል እስከ 2020 ጊዜ ተሰጥቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ አናሎግን ማቆየት በድንበር አካባቢ ለሚኖረው ሰው አይጠቅመውም።

ለእርስዎ የሚጠቅምዎት ነገር አለ ወይ ካሉኝ፦ ጥርት ያለ ምስል፣ ብዙ ጣቢያ፣ ስክሪኑ ላይ ቀጥሎ ምን እንዳለ የሚያሳይ ሰሌዳ። ቴሌቪዥንዎንም አይለቁትም። ነገር ግን «ማን ጠየቀን» ያሉት ትክክል ነው። ተመልካቹ ያልጠየቀውን ወጪ ተመልካቹ ላይ የጫነ ሁሉ ረድቶ ማሻገር ግዴታው ነው ብዬ አምናለሁ።

---

የፎቁ ጸሐፊ

በጋራ ሕንጻ የምንኖር ሰዎች ጉዳይ ተረሳ። ጣሪያችን ላይ አንድ አንቴና አለ፣ ለሁሉም ቤት በገመድ ይከፋፈላል። እያንዳንዱ ቤት ሳጥን ገዝቶ ሲሰካ «ጣቢያ አልተገኘም» ይላል። የሳጥኑ ጥፋት መስሏቸው መልሰው ሊሰጡ የሚሄዱ አሉ።

---

ሰማያዊ ገመድ

ብዙ ሕንጻዎች ላይ የሚያጋጥም ነገር ነው። በጋራ አንቴና ውስጥ ያለው ማጉያ ለተወሰኑ የአናሎግ ቻናሎች ብቻ የተስተካከለ ሊሆን ይችላል፤ ከእነዚያ ውጭ ያለውን ሁሉ ያግዳል። ዲጂታሉ በሌላ ቻናል ከመጣ አንቴናው ላይ ደርሶ ማጉያው ላይ ይቀራል። መፍትሔው አንድ ቦታ፣ ጣሪያው ላይ ነው፦ ማጉያውን መቀየር ወይም እንደገና ማስተካከል። ኮሚቴው ይህን ከመዘጊያው ቀን ብዙ አስቀድሞ በባለሙያ ያሳይ፤ በመጨረሻው ሳምንት ባለሙያ አታገኙም።

ለመፈተን ቀላል መንገድ አለ። ሳጥኑን ጣሪያ ላይ ወስዳችሁ በአጭር ገመድ አንቴናው ላይ በቀጥታ ስኩ። እዚያ ጣቢያ ካገኘ ችግሩ ከአንቴናው በታች ነው።

---

ተጓዥ 3

ገበያ ላይ «ዲጂታል አንቴና» እየተባለ በውድ የሚሸጠው ነገርስ? ቤት ለቤት እየዞሩ «የድሮው አንቴና ከዚህ በኋላ አይሠራም» የሚሉ ሰዎችም አሉ።

---

ሰማያዊ ገመድ

ለአንቴና አናሎግም ዲጂታልም አንድ ነው። አንቴና የሚመርጠው የሞገዱን ድግግሞሽና አቅጣጫ ነው። ያላችሁ አንቴና አዲሱ ሥርጭት የሚመጣበትን ባንድ የሚቀበል ከሆነ ይሠራል። የሚቀየርበት ምክንያት ሲኖር እነዚህ ናቸው፦ የቀድሞው ሥርጭት በቪኤችኤፍ ሆኖ አዲሱ በዩኤችኤፍ ሲመጣ፣ ማሠራጫው ከሌላ ኮረብታ ሲሆን፣ ወይም አንቴናው ራሱ ሲበሰብስ። የማሠራጫው ሞገድ ቁም ወይም አግድም መሆኑንም ጠይቁ፤ የአንቴናው ዘንጎች ከእሱ ጋር መስማማት አለባቸው። የጎረቤቶቻችሁን ጣሪያ ማየት ብዙ ይነግራችኋል።

ቡስተርን (ሲግናል ማጉያውን) የሁሉ መድኃኒት አድርጋችሁ አትውሰዱት። ማሠራጫው ቅርብ ከሆነ ሲግናሉ ከልክ በላይ በርትቶ ሳጥኑን ያደናግረዋል። ሳጥኑ ሜኑ ውስጥ ሁለት መስመር ታያላችሁ፤ አንዱ ስትሬንግዝ (የሲግናሉ ብርታት)፣ አንዱ ኳሊቲ (የሲግናሉ ጥራት)። ማመን ያለባችሁ ኳሊቲውን ነው። ስትሬንግዙ ሙሉ ሆኖ ኳሊቲው ዝቅ ካለ ቡስተሩን አውጡትና እዩ። ቡስተር ያለው የቤት ውስጥ አንቴና ከሆነ ደግሞ ሜኑ ላይ «አንቴና ፓወር» የሚለውን ክፈቱለት፤ ከሳጥኑ 5 ቮልት ይወስዳል። በሞባይል ማማ ሥር የምትኖሩ ከሆነ ረብሻው ከዚያም ሊመጣ ይችላል፤ ለእሱ የሚሆን ትንሽ ማጣሪያ አለ፣ ገመዱ ላይ ይሰካል።

---

ማዕበል

ቤት ለቤት ስለሚዞሩት፦ ለማንም ቅድሚያ ክፍያ አትስጡ። አዛውንቶቻችሁን ዛሬውኑ አስጠንቅቁ፤ የሚያውቁት ሰው በስልክ ካላረጋገጠላቸው በቀር ማንንም ጣሪያቸው ላይ እንዳያወጡ።

---

ብርሃነ ልብ

እኔ ዓይነ ስውር ነኝ። ቴሌቪዥን አዳምጣለሁ። እስካሁን የማውቀው የሪሞቱን ቁልፎች በጣት ቆጥሬ ነው፤ ቁጥር ስጫን ጣቢያው ይመጣል። በሳጥኑ ግን ሁለት ሪሞት ሆነ፣ ሜኑው ሁሉ በስክሪን ላይ ነው፣ አንዱን ቁልፍ ከሳትኩ የት እንደገባሁ የሚነግረኝ የለም። እስካሁን በኤፍኤም ሬዲዮዬ የአንድ ጣቢያን ድምፅ እሰማ ነበር፤ አናሎጉ ሲዘጋ እሱም እንደሚቀር ተነግሮኛል። ስለ ምስል ጥራት ስትጽፉ እኛንም አስቡን።

---

ማዕበል

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ይህ ክር የተከፈተው በትክክል ለዚህ ነበር።

ብሪታንያ በዚህ በኩል ያደረገችውን ሳየው ደስ ይለኛል። ዕድሜያቸው 75 የሞላ፣ ከባድ የአካል ጉዳት ያለባቸውና ዓይነ ስውራን ወይም የማየት ችግር ያለባቸው ሰዎች ልዩ የእርዳታ መርሐ ግብር ነበራቸው። ዕቃ ብቻ አልነበረም የሚሰጣቸው፤ ሰው ቤታቸው ሄዶ ያገናኛል፣ አጠቃቀሙን ያሳያል፣ ካስፈለገ አንቴናውን ያስተካክላል፣ ከዚያም ለ12 ወር የሚደውሉበት ነበራቸው። አገሪቱም በአንድ ቀን አልዘጋችም። እ.ኤ.አ. በ2007 ዋይትሄቨን ከተባለች ትንሽ ከተማ ጀምራ ክልል በክልል ሄዳ በ2012 ሰሜን አየርላንድ ላይ ጨረሰች። አንዱ ጋ የተማሩትን ሌላው ጋ ይሠሩበት ነበር።

በቤት ደረጃ እኛ ማድረግ የምንችለው፦ ሳጥን ስትመርጡ በድምፅ የሚመራ መኖሩን ጠይቁ። ከሌለ ሪሞቱ ላይ የሚያስፈልጉትን ጥቂት ቁልፎች በጣት የሚታወቅ ነገር ለጥፉባቸው፣ የቀሩትን በፕላስተር ሸፍኑ። የቴሌቪዥኑን ሪሞት አርቁት፤ ቴሌቪዥኑ ሁልጊዜ ኤቪ ላይ ይቆይ፣ ማብሪያ ማጥፊያው በሳጥኑ ይሁን። የሚወዷቸውን ጣቢያዎች በሚያውቁት ቁጥር ላይ ደርድሩላቸው፤ አብዛኛው ሳጥን ይህን ይፈቅዳል። መስማት ለተሳናቸው ደግሞ የጽሑፍ ትርጉሙ ሜኑ ውስጥ ተዘግቶ ሊሆን ስለሚችል ከመውጣታችሁ በፊት ክፈቱት።

---

ነጋ ጠባ

ይህ ሁሉ ችግር ካለ ቀኑ ይራዘም። ለምን ይቸኮላል?

---

የፎቁ ጸሐፊ

አልስማማም። ቀን ሲራዘም ሰው ዝግጅቱንም ያራዝማል።

---

ማዕበል

ሁለታችሁም እውነት አላችሁ፤ የሚወስነው ለምን ተራዘመ የሚለው ነው። አሜሪካ ከፌብሩዋሪ 17 ወደ ጁን 12 ቀን 2009 ያራዘመችው የሳጥን መግዣ ኩፖኑ በጀት አልቆ ብዙ ቤተሰብ ወረፋ ላይ ስለነበር ነው። እያንዳንዱ ኩፖን 40 ዶላር የሚያወጣ ሆኖ በ90 ቀን ይቃጠል ነበር፤ ሳጥን ፈልጎ ሳያገኝ ቀኑ ያለፈበትም ሰው ነበር። ጃፓን አገሪቱን በሙሉ ጁላይ 24 ቀን 2011 ስትዘጋ፣ በመሬት መንቀጥቀጡና በሱናሚው የተጎዱትን ኢዋቴን፣ ሚያጊንና ፉኩሺማን ግን እስከ ማርች መጨረሻ 2012 ጠበቀቻቸው። እነዚህ ምክንያት ያላቸው ማራዘሚያዎች ናቸው። በኬንያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2015 መጀመሪያ ላይ በተቆጣጣሪውና በትልልቆቹ የግል ጣቢያዎች መካከል በነበረው ክርክር ጣቢያዎቹ ለሳምንታት ከአየር ወርደው ነበር፤ ሳጥን የገዛውም ያልገዛውም እኩል እነዚያን ጣቢያዎች አጣ። ተመልካቹ ምንም ያህል ቢዘጋጅ ከላይ ያሉት ካልተስማሙ ዋጋ የለውም።

እኔ የምለው ቀኑ የሚለካው በሳጥን ሽያጭ ብዛት አይሁን። ስንት ቤት ገብቶ ምስል አሳይቷል ተብሎ ይለካ።

---

ጀማሪው

ሳጥኑን ገዛሁ፣ ሠራ! አሁን ሁሉንም ጣቢያ አያለሁ። አለቀ ማለት ነው?

---

ሰማያዊ ገመድ

እሰይ። ግን የመዘጊያው ዕለት እንደገና ሰርች አድርግ። አናሎጉ ሲለቅ ዲጂታል ማሠራጫዎች ኃይል ሊጨምሩ ወይም ወደተለቀቀው ቻናል ሊዛወሩ ይችላሉ፤ ያኔ ትናንት የነበረ ጣቢያ ይጠፋብሃል። ሳጥኑ አልተበላሸም። ሜኑ ገብተህ የድሮውን ዝርዝር አጥፍተህ ከባዶ አስፈልገው። ለዘመድ ቤት የገጠማችሁ ሁሉ በዚያ ዕለት ስልካችሁን ክፍት አድርጉ፤ የሚደወልላችሁ ለዚህ ነው።

ገና ያልገዛችሁ ደግሞ ሻጩን ስለ ኤችኢቪሲ ጠይቁት፤ ምስሉ የሚጨመቅበት አዲሱ መንገድ ነው። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ2017 ወደ ዲቪቢ ቲ2 በኤችኢቪሲ ስትሻገር ለመጀመሪያው ዲጂታል የተገዙ ሳጥኖች ከጥቅም ውጭ ሆነዋል። ሌላው ሳጥኑ ለአንድ አስከፋይ ድርጅት የተቆለፈ አለመሆኑን አረጋግጡ፤ ነፃ ጣቢያ ለማየት ወርሃዊ ክፍያ የሚጠይቅ ሳጥን ለዚህ ጉዳይ አይሆንም።

---

ጥቁርና ነጭ

ልጆቼ፣ ማብራሪያችሁን አነበብኩ። አሁንም ደስ አላለኝም፣ ግን ገብቶኛል። ሁለት ቴሌቪዥን አለኝ። አንድ ሳጥን ለሁለቱ ይበቃኛል?

---

ሰማያዊ ገመድ

ሁለቱ ላይ አንድ ዓይነት ጣቢያ ማየት ከበቃዎት ይበቃል፤ የሳጥኑን መውጫ ወደ ሁለቱ መክፈል ይቻላል። አንዱ ክፍል ዜና፣ ሌላው ክፍል ሌላ እንዲሆን ከፈለጉ ግን ለየአንዳንዱ ሳጥን ያስፈልጋል፣ የአንቴናው ገመድም በስፕሊተር ይከፈላል። ስፕሊተር ለሁለት ሲከፍል እያንዳንዱ ጋ የሚደርሰው ሲግናል ከግማሽ በታች ስለሚሆን፣ አሁን አናሎጉ ነጠብጣብ የሚያሳይዎት ከሆነ አንቴናው ከፍ ማለት ሊያስፈልገው ነው። ምስሉ አሁን እንዴት ነው?

---

ጥቁርና ነጭ

የሳሎኑ ጥሩ ነው። የጓዳው ዝናብ ሲመጣ ይንቀጠቀጣል።

---

ሰማያዊ ገመድ

እንግዲያው ከጓዳው እንጀምር። ገመዱ ጣሪያ ላይ የሚገናኝበት ቦታ ውሃ እየገባበት ሊሆን ይችላል። እርስዎ እንዳይወጡ፤ ሰው ወጥቶ ማያያዣውን ይፍታው። ውስጡ አረንጓዴ ወይም ጥቁር ሆኖ ከተገኘ የተበላሸውን ያህል ቆርጦ አዲስ ማያያዣ ያስገባለት፣ ውኃ በማያስገባ ቴፕም ይጠቅልለው። ከዚያ ሳጥኑን ጓዳ ላይ ሰክተው የኳሊቲውን ቁጥር እዚህ ይጻፉልኝ።